ከጋዝ የሚለየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወዴት ይሂድ?

ከጅቡቲ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች ሌት ተቀን በሚያልፉባት በአዳማ ስለ ኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ሲነሣ ወሬው በአብዛኛው ዋጋና የውጭ ምንዛሪ ነው። የኦጋዴን ጋዝ መስኮች የሆኑት የካሉብና የሂላላ ስም በተጠራ ቁጥር እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጋዝ ሲጣራ ተለይቶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉዳይ ነው።

መጠኑ እንደየቦታው ቢለያይም፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ጋዝ ብዙ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀላቀልበታል። ጋዙን በቅዝቃዜ ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ ሲፈለግ ደግሞ ይህ ቅይጥ በረዶ ሆኖ ቱቦ ስለሚዘጋ አስቀድሞ መወገድ አለበት። በማጣሪያው ውስጥ አሚን የተባለ ኬሚካል ያለበት ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይይዘዋል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ መልሶ ይለቀዋል። በኃይል ማመንጫዎች ዘንድ ከፍተኛውን ወጪ የሚጠይቀው ይህ የመለየት ሥራ በጋዝ ማጣሪያ ለገበያ ሲባል የግድ የሚከናወን በመሆኑ፣ የሚቀረው አምቆ ከመሬት በታች ባለ አለት ውስጥ መቅበር ብቻ ነው። ስለዚህ ተስማሚ አለት በአቅራቢያ እያለ ወደ አየር መልቀቅ ለእኔ ምክንያት የለሽ ነው።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1991 በባህር ላይ ነዳጅ አምራቾች ላይ የካርቦን ግብር ጣለች። በሰሜን ባሕር ካለው የአገሪቱ የስላይፕነር መስክ የሚወጣው ጋዝ 9 በመቶ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበረበት፤ ለሽያጭ የሚፈቀደው ግን 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። ከ1996 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከባህሩ ወለል ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው፣ ጨዋማ ውሃ በሞላው የኡትሲራ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሲከተት ኖሯል። በዚያ ጥልቀት ግፊቱ ጋዙን እንደ ፈሳሽ ያጠብቀዋል፤ ከላይ ያለው ውሃ የማያስገባ የሸክላ አለት ደግሞ ይከድነዋል። ያለ ግብሩ ይህ ሁሉ ይደረግ ነበር ብዬ አላምንም።

ይበልጥ የሚመለከተን ግን የአልጄሪያው የኢን ሳላህ ጋዝ ፕሮጀክት ነው። ከ2004 እስከ 2011 በሰሃራ በረሃ ሥር ወደ 3.8 ሚሊዮን ቶን ከተቀበረ በኋላ፣ አለቱ በቂ ክፍተት ስላልነበረው ግፊቱ ጨምሮ የመሬቱ ገጽ በጥቂቱ ከፍ ማለቱን ሳተላይቶች ለኩ፤ የከዳኙ አለት ጥንካሬም ስላሳሰበ ሥራው ቆመ። ከአንድ አሮጌ ጉድጓድ ካመለጠ ጥቂት ጋዝ በስተቀር ከዳኙን አለት አልፎ ወደ ገጽ የወጣ ባይኖርም፣ ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት አለቱን በሚገባ ማጥናት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

መቅበር ጋዙ በተጠቃሚው ዘንድ ሲነድ የሚወጣውን ካርቦን አይነካም፤ ይህንን ደብቆ ጋዙን «ንጹሕ» ማለት ሕዝብን ማሳሳት ነው። ቢሆንም በማጣሪያው በር ላይ የሚለቀቀው ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ ሊቀር የሚችለው ነው። ስለዚህ የጋዝ ልማት ውሎች ሲፈረሙ የአለቱ ጥናት፣ የግፊት ክትትሉ፣ እንዲሁም ኩባንያው ከሄደ በኋላ ለተዘጉት ጉድጓዶች ማን እንደሚጠየቅ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።