ሁለቱን በጥንቃቄ፣ ሦስተኛውን በትዕቢት

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። የንዴቱ ግማሽ መኪናዬን ከእኔ በፊት ለነካካው ሰው፣ ግማሹ ለራሴ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ሁልጊዜ የሚጎትቱ መኪና አለችኝ። የሞተር ዘይቷን ለዓመታት በገዛ እጄ ስቀይር ስለኖርኩ የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን)፣ የትራንስፈር ኬዝ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) እና የፊት ዲፈረንሻል ዘይት መቀየርን የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አድርጌ ገመትኩት። ሁለቱ በእርግጥም ከጠዋት አላለፉም። ሦስተኛው አራት ቀን ፈጀ።

ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ እነዚህ ዘይቶች በመደበኛ አገልግሎት እንዲመረመሩ እንጂ እንዲቀየሩ አይጠይቅም። እኔ በዚህ አልስማማም። ጭቃ የማይነካ፣ ጭነት የማይጭንና ውኃ የማይሻገር ሰው መጀመሪያውኑ እንዲህ ያለ መኪና ለምን ይገዛል? የዲፈረንሻል ዘይት እንደ ሞተር ዘይት በጥቀርሻ አይጠቁር ይሆናል፤ ነገር ግን በሙቀት ያረጃል፣ ከጥርሶቹ የሚረግፍ ደቃቅ ብረት ይሸከማል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ውኃ ይገባበታል። ረጅም መንገድ ተጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ወንዝ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ይኮማተራል። ያን ጊዜ መተንፈሻው (አናቱ ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ) ውኃ ውስጥ ከሆነ ውኃውን ይጠጣል፤ በጭቃ ከተደፈነም በፓራኦሊዮው (ዘይቱ እንዳይወጣ በሚያግደው የጎማ ቀለበት) ጠርዝ በኩል ይስባል። ስለዚህ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ልቀይር ወስኛለሁ፤ ጥልቅ ውኃ ካቋረጥኩ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከፍቼ አያለሁ። ዘይቱ ወተት የፈሰሰበት ከመሰለ ኪሎ ሜትር መቁጠሩ ቀርቷል፣ ወዲያውኑ ይቀየራል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አንድ ነገር ብቻ። ለሁለቱ ዲፈረንሻሎች 75ደብሊው-90 (የውፍረቱ ቁጥር)፣ ጂኤል-5 (የጥርስ ዘይት ደረጃው) የሚባለውን ገዛሁ። የዲፈረንሻል ጥርሶች እርስ በርስ ከመንከባለል አልፈው በከባድ ጫና ስለሚንሸራተቱ በሰልፈርና በፎስፈረስ ውሁዶች የበለጸገ ዘይት ይፈልጋሉ፤ ያ ከእጅና ከልብስ አልለቅ የሚለው ሽታም የሰልፈሩ ነው። ይኸው ዘይት በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ስለሚችል፣ መጽሐፉ ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-4 ነው። «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» የሚል ሻጭ ቢያባብላችሁ አትስሙት። ትራንስፈር ኬዝም እንደየመኪናው ይለያያል፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚወስድም አለ።

ሩብ ሰዓት ያህል ነድቼ ዘይቱን አሞቅኩ፤ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቆምኩ። የኋላውን ዲፈረንሻል መሙያ ታፖ (የዘይት ማስገቢያውን የሚከድን ብሎን) ፈታሁ፣ ከዚያ ማፍሰሻውን፤ አፈሰስኩ፣ የማፍሰሻውን ማግኔት ጠረግኩ፣ ዘጋሁ፣ ከመሙያው ከንፈር እስኪፈስ ሞላሁ። በማግኔቱ ላይ የተገኘው እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ዝቃጭ ነበር፤ ይህ ጤናማ ነው። ስንጥር ወይም የጥርስ ቁራጭ ብታገኙ ግን ዘይት መቀየር አይፈውሰውም። ትራንስፈር ኬዙም እንዲሁ ተጠናቀቀ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እንኳ አልሆነም ነበር። በኩራት እጄን ጠረግኩ።

መሙያው ሳይከፈት ማፍሰሻው እንደማይነካ አውቅ ነበር፤ መሙያው እምቢ ካለ ባፈሰሱት ምትክ አዲስ ዘይት ማስገቢያ የለማ። ይህን ደጋግሜ መናገሬ ወድጄ አይደለም። አውቅ ነበር፣ በዚያው ጠዋትም ሁለት ጊዜ ፈጽሜዋለሁ። ነገር ግን የፊት ዲፈረንሻል መሙያ ከሥር መከላከያው ብረት ጀርባ ተሸሽጎ ነበር፤ እሱን ለማግኘት አራት ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ማፍሰሻው ግን በመከላከያው ቀዳዳ በኩል ወለል ብሎ ይታያል። «ዘይቱ እየፈሰሰ ሳለ ብሎኖቹን እፈታለሁ፣ ጊዜም አተርፋለሁ» አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም እንኳ አልቻልኩም። ማፍሰሻው በቀላሉ ተፈታ፣ ዘይቱ ወደ ባልዲው ወረደ፣ መከላከያው ወለቀ። ከዚያም መሙያውን አየሁት።

ታፖው በውስጡ ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ ያለው፣ በ10 ሚሊ ሜትር መፍቻ የሚፈታ ዓይነት ነው። ጉድጓዱ የዓመታት ጭቃ ደርቆበት ነበር። ጭቃውን በላይ በላዩ ጠረግኩና መፍቻውን አስገባሁ። እስከ ግማሹ ብቻ እንደገባ የገባኝ በኋላ ነው። ተጫንኩ፤ ወይ ፍንክች! ቧንቧ አስረዝሜበት እንደገና ስጫን አንድ የለሰለሰ መንሸራተት ተሰማኝ። ይህን ስሜት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ታፖው ተፈታ ብላችሁ ለቅጽበት ትደሰታላችሁ፣ የዞረው ግን መፍቻው ብቻ ነው። ከስድስቱ ማዕዘኖች አራቱ ተልጠው ነበር።

ጭቃውን በመርፌ ፈልቅቄ ያወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ደቂቃ የፈጀ ሥራ ነበር። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች አስቀድሜ ብሰጥ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ።

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቼ አሳደርኩት። በማግሥቱ በመጠን ትንሽ የሚበልጥ ባለ ኮከብ ጫፍ መፍቻ በመዶሻ ቀጥቅጬ አስገባሁ፤ ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የእኔ ግን ያለሰዓቱ ነበር፤ የቀረውን ማዕዘን ፍቆ ጉድጓዱን እንደ ቀለበት አከበበው። በሦስተኛው ቀን መሮ አነሳሁ፤ የታፖውን ጠርዝ በመፍቻው አቅጣጫ በሰያፍ ብመታው ይዞራል ብዬ። ሁለቴ መታሁ። ሦስተኛው ምት ስቶ የዲፈረንሻሉን አልሙኒየም ቀፎ ሲቦጭረው መሮውን ወረወርኩት። ታፖ መግዛት ይቻላል፤ ቀፎ መስበር ግን ሌላ ታሪክ ነው።

መኪናዋ በዚህ ሁኔታ መንቀሳቀስ አትችልም። የፊት ጎማዎቿን በእጅ ከአክስሉ ማላቀቅ የሚቻል መኪና ብትሆን ኖሮ አላቅቄ በኋላ ጎማ ብቻ ወደ ጋራዥ በነዳኋት፤ የእኔ ግን የፊት ዲፈረንሻሏ ዘወትር ይዞራል። ያለ ዘይት ከነዷት ጥርሱና ኩሽኔታው ሳይቆይ ይቃጠላል።

መፍትሔው ከላይ መጣ። እያንዳንዱ ዲፈረንሻል አናቱ ላይ መተንፈሻ አለው። የመተንፈሻውን ቱቦ አላቀቅኩ፣ አንገቱንም ከቀፎው ፈታሁ፤ የትንሽ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ተገኘ። ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ አስገብቼ በትልቅ መርፌ (ስሪንጅ) ዘይት መግፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዘይቱ ወደ ፊቴ ተመለሰ፤ ቱቦው ቀዳዳውን ሞልቶ ስለደፈነው አየሩ የሚወጣበት አልነበረም። ጎኑ ክፍተት የሚተውለት ከእሱ የቀጠነ ቱቦ ፈልጌ፣ ጠርሙሱንም በሙቅ ውኃ ነክሬ ዘይቱን አቅጥኜ ቀጠልኩ። ግን ስንት ላስገባ? ያፈሰስኩትን እንዳልለካ ግማሹ ባልዲውን ስቶ መሬት ላይ ነው። ያ ሳጣጥለው የነበረው መጽሐፍ ያን ጊዜ ደረሰልኝ፤ 1.4 ሊትር ይላል። መርፌ በመርፌ እየቆጠርኩ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ።

በአራተኛው ቀን በዝግታ ወደ ጋራዥ ነዳኋት። ብየዳ የሚሠሩት አዛውንት መካኒክ ከሥሯ ገብተው ሲወጡ እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ መሙያውን ሳትከፍት ነው ማፍሰሻውን የከፈትከው?» አሉኝ።

«መሙያውን ማስቀደም እንዳለብኝ አውቅ ነበር» አልኳቸው።

«ካወቅክማ ይብሳል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቀሉ፣ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑ፣ በታፖው ላይ ዳዶ በየዱ። ጥቂት ጠብቀው፣ ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ዳዶውን በተራ መፍቻ ያዙት። ተፈታ። ያለ ቧንቧ፣ ያለ ላብ። የብየዳው ሙቀት ክሩን የያዘውን ነገር ሁሉ አላቅቆት ነበር። ያ ነገር ምን እንደሆነ ሲወጣ አየን፦ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሁለት ሮንዴላ ደራርቦ፣ ክሩን በማጣበቂያ ለቅልቆ፣ በሙሉ ክንዱ ጠርቅሞታል። ለምን? የዚህ ታፖ ሥራ ዘይት እንዳይረጭ መክደን ብቻ ነው። መጽሐፉ 39 ኒውተን ሜትር ይላል፤ 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያጠብቅ ሰው ለቀጣዩ ሰው ወጥመድ እየሠራ ነው። ክሩ ጫፉ ላይ የሚጠብ ዓይነት ከሆነ ሮንዴላ ስለሌለው ማሸጊያ ሊፈልግ ይችላል፤ ሮንዴላ ያለው ግን አንድ አዲስ ሮንዴላ ይበቃዋል።

ጣቴን አስገብቼ ስለካው ዘይቱ ከመሙያው ከንፈር በጥፍር ስፋት ብቻ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። በአራቱ ቀናት ውስጥ የምኮራበት ይህ ብቻ ነው። ጎደሎውን ሞላሁ፣ አዲስ ታፖ ገጠምኩ። ልኩን ስታዩ ግን አራቱም ጎማዎች መሬት ላይ ይሁኑ ወይም መኪናዋ በሙሉ እኩል ትነሣ፤ የፊቱን ብቻ በክሪክ አንሥቶ «ሞልቷል» ማለት ራስን ማታለል ነው። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር መግባትም ከማታለል የከፋ ነው።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ተመለከትኩ። የፊቱ ደረቅ ነው፣ ትራንስፈር ኬዙም ደረቅ ነው። የኋላው ማፍሰሻ ግን ያልበዋል፤ በዚያ በኩራት በሠራሁበት ጠዋት አሮጌውን ሮንዴላ «ገና ደህና ነው» ብዬ መልሼ ገጥሜው ነበር። ቅዳሜ እንደገና ከሥሯ እገባለሁ።