የደን ዕቅድ አዳራሽ ውስጥ አይወጣም

ካፋ ዞን ውስጥ በአሳታፊ ደን አስተዳደር ስሠራ ድርሻዬ ነዋሪውን አወያይቶ ዕቅድ ማውጣት ነበር። አሠራሩ ለቦንጋ ደን እንግዳ አይደለም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው የተጀመረው። ደኑ የመንግሥት እንደሆነ ይቆያል። በዙሪያው የሚኖረው ሰው ማኅበር አቋቁሞ ከወረዳው ጋር ይፈራረማል፤ እየጠበቀም ቡናውን፣ ማሩንና ኮረሪማውን ይጠቀማል።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጣጣው “ነዋሪው” ማነው የሚለው ላይ ነው።

ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት የታወቁ ናቸው፦ ሽማግሌዎች፣ ደህና መሬት ያላቸው፣ መናገር የሚደፍሩ ወንዶች። በአማርኛ እናስረዳለን፤ ያጨበጭባሉ፤ ይበተናሉ። የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነማ እነሱም አይመጡም። ወግ ያለው ውይይት የሚጀመረው ወሰን ለማካለል ጫካ ስንገባ ነው። እዚያ ሁሉም በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ያወራል፣ ይጨቃጨቃል። ካርታችን ላይ ባዶ ደን የሚመስለው ሁሉ ባለቤት አለው። ኮቦ ይሉታል፤ እዚያ ቀፎ የሚሰቅለው ቦታውን ከአባቱ የተረከበ ሰው ነው። ይሄን ሳያጣሩ “የጋራ ነው” ብሎ መጻፍ ጎረቤት ማጣላት ነው። ስንት ተከራክረው፣ ባለ ኮቦዎቹ ዛፋቸውን ይዘው እንዲቀጥሉ፣ ማኅበሩ ግን ኮቦ ለሌለውም ክፍት እንዲሆን ተስማሙ። ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የፈጀው ይሄ ነው። ቢፈጅም ይገባዋል።

ሴቶቹን ያነጋገርናቸው ለብቻቸው ነው። ረቂቁ እንጨት ለቀማን ጨርሶ ይከለክል ነበር። “ታዲያ በምን እንጋግር?” አሉን። የወደቀ ደረቅ እንጨት በተወሰኑ ቀናት እንዲለቀም ተፈቀደ።

በካፋ ተገልለው የሚኖሩት የማንጆ ማኅበረሰብ አባላት ደግሞ ስለ ስብሰባው የነገራቸው እንኳ አልነበረም። ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ የሚያደርግ የቆየ ልማድ አለ። ብዙዎቹ የሚኖሩት እንጨትና ከሰል ሸጠው ስለሆነ ደኑን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ክልከላው መጀመሪያ የሚያርፈውም እነሱ ላይ ነው። ደጃቸው ድረስ ሄደን አወራን። አንዲት እናት “ከሰሉን ተው ካላችሁኝ ልጆቼን እናንተ ታበሏቸዋላችሁ?” አሉ። መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ነው ኮሚቴው ውስጥ ወንበር፣ ከማርና ከቡና ሽያጩም ድርሻ ይኑራቸው የሚለው ወደ ዕቅዱ የገባው። አብሬ አልቀመጥም ያለ ሰው አልጠፋም። ልማዱን ዕቅድ ይሽረዋል ብዬ አላስብም፤ ድርሻው ግን በጽሑፍ ሰፍሯል።

ይሄን ሥራ ለሚጀምር የምመክረው ውሉ ላይ የመንግሥትንም ግዴታ እንዲያስጽፍ ነው። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ ለማኅበረሰብ ይዞታ ዕውቅና ሰጥቷል። አባላቱ ግን በሌሊት ጣውላ የጫነ ሰው ይዘው ሲያመጡ ማን ይረከባቸዋል? በስንት ቀን ክስ ይመሠረታል? የተያዘው ጣውላስ የማን ይሆናል? እኛ ዘንድ ሰዉ አጥብቆ የተከራከረው በዚህ ነው፤ የተያዘ ሰው በማግስቱ ተለቆ መንደር ውስጥ ሲንጎራደድ አይተዋላ።