ከካርቶኑ የወጣው የፕላስቲክ ቀለበት

ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ሳይክል አይጠፋባትም፤ ወደ እኛ ጥገና ቤት የሚመጣው ግን አብዛኛው ያረጀ ነው። ያን ቀን የመጣው ለየት ይላል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ደርሶ የሚመለስ ወጣት ነው፤ የአልሙኒየም ሳይክሉ በረገጠው ቁጥር ከፔዳሉ መሃል ቋ ቋ ይላል። ክረምቱ ውሃና ጭቃ አስገብቶበት ኩሽኔታው አልቋል። ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ የሠራውን አዲስ ኩሽኔታ ከነቤቱ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ በካርቶኑ ይዞታል።

አሮጌዎቹን የኩሽኔታ ቤቶች ረዳቴ በደንብ አወጣቸው። በሰንሰለቱ በኩል ያለው፣ ሲነዳ በራሱ እንዳይላላ፣ ግራ ጥርስ ነው፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ዞሮ ነው። በጣሊያን ልክ የተሠራ ሳይክል ከሆነ ግን ሁለቱም ጎን ቀኝ ጥርስ ስለሆነ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ችግሩ የመጣው አዲሱን ሲያስገባ ነው። ጥርሱን ግሪስ ቀብቶ በእጁ እስኪደርስ አዞረውና ቀለበት ቁልፉን አጠለቀበት። ቁልፉ ዋለለ። ቁልፋችን 44 ሚሊሜትር ነው፣ ለአሮጌው ልኩ ነበር፤ አዲሱን በካሊፐር ስንለካው 41 ሆነ። ቁልፉ የሚይዘው የሁለቱም የውጭ ጥርስ 16 ስለሆነ ዓይንን ያታልላል።

«ጋሼ፣ በቧንቧ ቁልፍ ላጥብቀው?» ብሎ ከግድግዳው አወረደው።

ባለሳይክሉም ቸኩሏል፤ «ወላሂ፣ ይጥበቅልኝ እንጂ በምንም ይሁን» አለ።

እኔ ግን እንቢ አልኩ። የቧንቧ ቁልፍ የሚነክሰው በሁለት በኩል ብቻ ነው። ያ ቤት ስስ አልሙኒየም ነው፣ ኩሽኔታው ውስጡ ተቀምጧል፤ ሲጨመቅ ክቡ ይዛባል፣ ኩሽኔታውም ሳይከርም ያልቃል። የውጭ ጥርሱ ከተበላ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ይዞ ይፈታዋል? ሲታገሉት የሚበላሸው የፍሬሙ ጥርስ ነው፤ እሱን ደግሞ ገዝቶ መቀየር የለም። ይህን ያህል ጉዳት ለአምስት ደቂቃ ጥድፊያ ሲደርስ ማየት ያናድደኛል።

ካርቶኑን ከቆሻሻ መጣያው አንስቼ አራገፍኩት። ከመመሪያው ወረቀት ጋር የፕላስቲክ ቀለበት ወደቀ። ረዳቴ ማሸጊያ መስሎት ነበር የጣለው። ውስጡ 41ን ይይዛል፣ ውጪው ለ44 ቁልፍ ልክ ነው። አጠለቅነው፤ 16ቱም ጥርስ ገጠመ፣ ምንም አይነቃነቅም።

አምራቹ የሚያዘው የማጥበቂያ ኃይል ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ስለሌለን የገበያ የእጅ ሚዛን በቁልፉ ክንድ ላይ፣ ከመሃሉ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አንጠልጥለን ቀጥ ባለ ማዕዘን እስከ 16 ኪሎ ሳብነው፤ ወደ 40 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ረዳቴ ሁለተኛውን ጎን ራሱ ሠራው፣ እኔ ቁጥሩን ብቻ አነበብኩለት።

ባለሳይክሉ ቀለበቱን «ለእናንተ ይሁን» ቢለንም መለስንለት፤ ኩሽኔታው ሲያልቅ የትም ይሁን የት መፍቻው እሱ ነው። ለራሳችን የ41ዱን የብረት ቁልፍ እያፈላለግን ነው፤ ባለ 39 ሚሊሜትር የኩሽኔታ ቤትም ስላለ፣ ከተገኘ እሱንም።