ቦዬ ረግረግ ላይ የአፈር ካርቦን እንዴት እንደለካሁ

የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት እዚሁ ጅማ ቦዬ ረግረግ ላይ ነው፣ ጥያቄዬም ቄጤማ የበቀለበት፣ ፊላ የሞላውና ጠርዙ ላይ ባሕር ዛፍ የተተከለበት አፈር የያዙት ካርቦን ይለያያል ወይ የሚል ነበር። ብዙ ሰው ረግረግ ባዶ መሬት ይመስለዋል፣ ግን እኮ ውሃ የተኛበት አፈር ኦክስጅን ስለማያገኝ የሞተው ሥርና ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ካርቦኑም እዚያው ይጠራቀማል።

ቦታ ስመርጥ ከካርታው በላይ የረዱኝ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ናቸው። "ልጄ፣ ቄጤማው ጋ ክረምት ከበጋ ውሃ አይለየውም፣ ባሕር ዛፉ ጋ ግን ድሮ እግር ይሰምጥ ነበር፣ አሁን ይኸው በጫማ ትሄዳለህ" አሉኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ዛፉ ውሃውን ሲመጠው አየር ይገባል፣ አየር ሲገባ ባክቴሪያው ስንት ዘመን የተቀመጠውን ይበላና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርጎ ያወጣዋል።

ቄጤማው ሥር የወጣው አፈር ጥቁር ነው፣ ሥሩ ስለተጠላለፈ በቢላ ነው የምቆርጠው፣ ሥሮቹ ዙሪያ ደግሞ ዝገት የመሰለ ቀይ መስመር አለ። ተክሉ ውስጡ ባለው ክፍተት ከላይ አየር ወደ ሥሩ ያወርዳል፣ ያ ኦክስጅን ከሥሩ ሲያመልጥ አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። በዚያው ክፍተት ሚቴን የሚባለው፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጥ አየር የሚያሞቀው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ካርቦን ብቻ ለክቶ ረግረጉ ለአየር ንብረት ይሄን ያህል ጠቀመ ማለት አይቻልም።

ላብ ውስጥ ናሙናውን በ105 ዲግሪ አድርቄ በ550 ዲግሪ አቃጠልኩትና የቀነሰውን ክብደት ያዝኩ፣ የቀነሰው የተቃጠለው ኦርጋኒክ ነገር፣ ማለት ከሥርና ከቅጠል የመጣው ነው ተብሎ ነው። የኛ አገር አፈር ሸክላ ስለሚበዛው ግን ሸክላው ውስጥ የታሰረ ውሃም አብሮ ይወጣል፣ ኦርጋኒኩን ከልክ በላይ ያሳያል፣ ስለዚህ የተወሰኑትን ካርቦኑን በኬሚካል በሚለካው በዋክሊ ብላክ ዘዴ ማመሳከር የግድ ነው።

ለሚቀጥለው ሰው አጥብቄ የምናገረው ግን ፐርሰንቱን ብቻ አትዩ ነው። ለምሳሌ 10 ፐርሰንት ካርቦን ያለው ቀላል አፈር፣ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.4 ግራም ቢሆን፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ በካሬ ሜትር 12 ኪሎ ይይዛል፣ 5 ፐርሰንት ብቻ ያለው ግን ጥግግቱ 0.9 የሆነው 13.5 ኪሎ ይይዛል። በዚያ ላይ ረግረግ ሲደርቅ ስለሚሰምጥና ስለሚጠቀጠቅ፣ እኩል ጥልቀት ስናወዳድር የደረቀው የተሻለ ሊመስል ይችላል፣ እኩል የአፈር ክብደት ማወዳደር ይሻላል።

ለበዓልና ለቡና ቄጤማ የሚያጭዱት ሰዎች ላይ ጣት ሲቀሰር እሰማለሁ፣ እኔ አልስማማም፣ እነሱ ላዩን ቆርጠው ይሄዳሉ፣ ሥሩም ውሃውም እዚያው ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ቦይ ቀዶ ማፍሰሱና ለጡብ ሸክላ መቆፈሩ ነው፣ አፈሩ ራሱ ነው የሚሄደው።