«ፓይ ነገ ባይናንስ ላይ ሊወጣ ነው»

መጋቢት 2017 ላይ ነው፣ ማታ 4 ሰዓት ገደማ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ወንድምዬ፣ ፓይ ነገ ባይናንስ ላይ ሊስት ሊደረግ ነው! ስክሪንሾቱን ልኬልሃለሁ፣ እየው።» ፓይ በስልክ መተግበሪያ የሚሰበሰብ ዲጂታል ገንዘብ (ኮይን) ነው፣ ባይናንስ ደግሞ ኮይን የሚገበያይበት የኢንተርኔት ገበያ (ኤክስቼንጅ)፤ ሊስት መደረግ ማለት እዚያ ለግብይት መቅረብ ነው። አራት ዓመት ሙሉ መተግበሪያው ላይ ያለችውን የመብረቅ ምልክት በየቀኑ ስትነካ ኖራለች። ደስታዋ ገባኝ።

ስክሪንሾቱን ከፈትኩት። የባይናንስ አርማ አለ፣ የፓይ ስም አለ፣ ዋጋና ግራፍም አለ። ማንም ቢያየው ያምናል። ግን ከታች ተቆርጧል። ራሴ ባይናንስ ገብቼ ገጹን ፈለግኩት፣ አገኘሁትም። እውነተኛ ገጽ ነው። ወደ ታች ስወርድ ግን ይህ ኮይን ባይናንስ ላይ ለግብይት አልቀረበም የሚል ጽሑፍ አለ። ባይናንስ እኮ እሱ ጋ የማይሸጡ ኮይኖችንም ዋጋ ያሳያል። ስክሪንሾቱን ያነሳው ሰው ቆርጦ የጣለው ያቺን መስመር ነው።

ወሬው ከባዶ እንዳልተነሳ አውቃለሁ። የካቲት 13 ቀን 2017 ፓይ ሜይንኔቱን (ዋናውን ኔትወርኩን) ለውጭ ሲከፍት ኦኬኤክስና ቢትጌት የተባሉ ኤክስቼንጆች አስገብተውታል። በዚያው ሰሞን ባይናንስ «ይግባ ወይ?» ብሎ ተጠቃሚዎቹን ድምፅ አሰጠ፤ ከ100 ሰው ከ80 በላዩ «ይግባ» አለ። ባይናንስ ግን ውጤቱ እንደማያስገድደው ከመነሻው ተናግሮ ነበር። እኔ የምከታተላቸው የቴሌግራም ቻናሎች ይህችን ዘለው «ጸደቀ» ብለው ለጠፉ። በታኅሣሥ 2015ም ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ ሁዎቢ የተባለ ሌላ ኤክስቼንጅ «ፓይ» ብሎ ለግብይት ሲያወጣ የፓይ ቡድን ራሱ «እኛ አልፈቀድንም» ብሎ መግለጫ አወጣ።

እውነተኛ ሊስቲንግ ሰዓት አለው። ኖትኮይን የተባለውን ኮይን አስታውሱ፣ ባይናንስ ቀድሞ በማስታወቂያ ገጹ አሳወቀ፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ግብይት ተጀመረ። ከምን ጋር እንደሚገበያይ፣ ዲፖዚት (ኮይኑን ወደ ኤክስቼንጁ ማስገባት) መቼ እንደሚከፈት፣ የትኛው ኔትወርክ ላይ እንደሆነ ሁሉም ተጽፏል። ስለዚህ ወሬ ስሰማ የተላከልኝን ሊንክ አልነካም። የኤክስቼንጁን አድራሻ በእጄ ጽፌ ገብቼ የማስታወቂያ ገጹን አያለሁ፣ ከዚያ የኮይኑ ባለቤቶች በራሳቸው ገጽ ያንኑ ብለው እንደሆነ አመሳክራለሁ። አንዱ ብቻ ከተናገረ እጠብቃለሁ። ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ኮይን ሰርቶ መሸጥ በጣም ቀላል ስለሆነ የኮንትራት አድራሻውን (ቶክኑን ከሌላው የሚለየውን ረጅም ኮድ)ም ከፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ነው የምወስደው። ባይናንስ ሊንክ ወይም የቴሌግራም አካውንት የእሱ መሆኑን የምታረጋግጡበት ገጽም አለው፣ «ባይናንስ ቬሪፋይ» ይባላል።

ይህን ሁሉ በስልክ ሳስረዳት ዝም አለች። ቆይታ «ከስክሪንሾቱ ስር ሊንክ ነበረው» አለችኝ። ዋሌትሽን (ኮይኑ የሚቀመጥበትን ቦርሳ) ለሊስቲንጉ አዘጋጂ ይላል፣ የዋሌቱ ቁልፍ የሆኑትን 24 የሚስጥር ቃላት ይጠይቃል።

«ጻፍሽው እንዴ?»

«አስራ አንዱን።»

ልቤ ቀጥ አለ። 24ቱን ቃላት ያገኘ ሰው ዋሌቱን ከፍቶ ያለውን ሁሉ ይወስዳል፣ ቢሮ የለ፣ አቤት የሚባልበት የለ። እነዚህ ሰዎች የሚያጠምዱት ስስታሙን አይደለም፣ ለዓመታት ታግሶ የጠበቀውን ሰው ነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። ገጹን ዘጋችው። ከዚያ እዚያው ስልክ ላይ እያለን የባይናንስን የማስታወቂያ ገጽ ስክሪኗ ላይ አስቀመጠች።