የኳስ ድምፅ የሚሰማበት ሰፈር፦ ከከርቢ እስከ ሜልውድ

ልጅነቴ ያለፈው ጃን ሜዳ አጠገብ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሯጮች ትንፋሻቸው በብርዱ እንደ ጭስ እየወጣ ሜዳውን ሲዞሩ፣ እኔ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ከዳር ቆሜ እመለከታቸው ስለነበር፣ ስለ አትሌትም ሆነ ስለ ኳስ ቡድን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ውድድሩ ሳይሆን የልምምድ ቦታው ነው። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ አትሌቶች ለልምምድ ወደ ሰንዳፋና ወደ ሱሉልታ መውጣትን ሲያዘወትሩ፣ ለጤናቸውና ለውጤታቸው የሚበጃቸው እሱ መሆኑን ባውቅም፣ በሰፈሬ ማለዳ ላይ አንድ ነገር እንደጎደለ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ባለፈው ጥቅምት ለንደን የምትኖር እህቴን ለመጠየቅ እንግሊዝ በሄድኩ ጊዜ ሦስት ቀን ቀንሼ ወደ ሊቨርፑል የተጓዝኩት በዚሁ ስሜት ነው። የኢስታንቡሉን የ2005 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ስድስት ኪሎ በሚገኝ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ቆሜ ከተመለከትኩበት ሌሊት ጀምሮ የሊቨርፑል ክለብ ደጋፊ ነኝ፤ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የክለቡን ስታዲየም፣ አንፊልድን ለማየት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከምንም በፊት ማየት የፈለግሁት፣ ክለቡ ሰባ ዓመት ገደማ የተለማመደበትን ሜልውድን ለቅቆ በኅዳር 2020 ወደ ከተማዋ ዳርቻ፣ ወደ ከርቢ ሲወጣ ለሁለቱ ሰፈሮች ምን እንደተረፋቸው ነበር።

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ ሊቨርፑል ላይም ስትሪት ለመድረስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ፈጀብን፤ ዝናብ ስለነበር መንገዱን አላየሁትም። ያደርኩበት የእንግዳ ማረፊያ ግን አይረሳኝም። ቅዳሜና እሁዱ ጨዋታ የሚደረግበት ስለነበር ለአንዲት ጠባብ ክፍል 94 ፓውንድ ከፍዬ ገባሁ። መስኮቱ አይገጥምም፤ በክፍተቱ የሚገባው ነፋስ መጋረጃውን እያነሳ ሲጥል አደረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወርጄ አንድ ብርድ ልብስ እንዲጨመርልኝ ብጠይቅ፣ በእንግዳ መቀበያው የተቀመጠው ወጣት ተጨማሪ ልብስ የሚታደለው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብቻ መሆኑን ነግሮኝ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በእኛ ሀገር በትንሿ የወረዳ ከተማ ያለ አልቤርጎ እንኳ እንግዳ በርዶኛል ካለ ባለቤቱ የራሱን ጋቢ አውልቆ ይሰጣል። ካፖርቴን ለብሼ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ ነጋልኝ።

በማግስቱ ወደ ከርቢ ሄድኩ። የጣቢያው ሠራተኛ የሰፈሩን ስም ስጠራ በትዕግሥት አረመኝ፦ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሌላ «ክ» አለው፤ ሲነበብ ግን ይዋጣል። ባቡሩ ራይስ ሌይንንና ፋዛከርሊን አልፎ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አደረሰኝ። የመስመሩ መጨረሻ ለብዙ ዘመን ይህ ጣቢያ ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ግን ባቡሩ በባትሪ እየተነዳ እስከ ሄድቦልት ሌይን ይዘልቃል።

ሰዓቱ ገና ስለነበር መጀመሪያ የገባሁት ወደ ገበያው ነው። ፎጣና ካልሲ የሚሸጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ወንበር አወጡልኝ። ከርቢ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት መንደር ነበረች። የሊቨርፑል መሐል ሰፈሮች የተጨናነቁ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው እየተነሳ እዚህ ስለሰፈረ፣ በ1951 ወደ ሦስት ሺህ ገደማ የነበረው ሕዝቧ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። እኚህ እናት በሕፃንነታቸው ከስኮትላንድ ሮድ ከመጡት አንዷ ናቸው። «ቤቱ አዲስ ነበር፤ መታጠቢያ ቤትም ነበረው፤ ነገር ግን ሱቅ የለም፣ አያቴ የለችም፣ የማውቀው ሰው የለም» አሉኝ። ቀጥለውም የልምምድ ማዕከሉ ወዳለበት አቅጣጫ በእጃቸው እያሳዩ «እኛን አስቀድመው አወጡን፤ ክለቡ ሊከተለን ግን ዕድሜዬን ፈጀ» ሲሉ በፊታቸው ላይ ኩራትም ቅሬታም አየሁ። አክስቴ ትዝ አለችኝ። ከአራት ኪሎ ተነስታ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባች ስንት ዓመቷ ነው፤ ለዕድርና ለማኅበር ግን አሁንም ሁለት ታክሲ ይዛ ወደ ድሮ ሰፈሯ ትመላለሳለች።

ከርቢ ለእግር ኳስ እንግዳ እንዳልሆነች ደጋግመው አሳሰቡኝ፤ እውነታቸውን ነው። በ1981 ፓሪስ ላይ ሪያል ማድሪድን አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው የሊቨርፑል አምበል ፊል ቶምፕሰን የከርቢ ልጅ ነው። በተከታዩ ዓመት ሮተርዳም ላይ ባየር ሙኒክን አሸንፎ ያንኑ ዋንጫ ያነሳው የአስቶን ቪላ አምበል ዴኒስ ሞርቲመርም እዚያው ነው ያደገው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት የአውሮፓ ሻምፒዮን አምበሎችን ያወጣች የዳርቻ ከተማ፣ የክለቡን መምጣት እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ቆየ ዕዳ ብትቆጥረው አልፈርድባትም።

ከገበያው ወደ ማዕከሉ የሄድኩት በታክሲ ነው። ሾፌሩ በዘጠኝ ደቂቃ መንገድ 15 ፓውንድ ተቀበለኝ። ስመለስ ያገኘሁት ሌላ ሾፌር ደግሞ ያንኑ መንገድ በ7 ፓውንድ አደረሰኝ። ገንዘቡ ብዙ ሆኖ አይደለም፤ የመጀመሪያው ሾፌር ሜትሩን ሳይከፍት ዓይኔን እያየ ዋጋ መጥራቱ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ሳይመንስውድ ሌይን ላይ ያለው ማዕከል 50 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበታል። የሕንፃው ስፋት 9,200 ካሬ ሜትር ሲሆን ሁለት ጂም፣ መዋኛና የውኃ ሕክምና ክፍል፣ የቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሽና የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ሳይቀር ተሟልቶለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ከጎኑ ያለው ነው። የታዳጊዎቹ አካዳሚ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከርቢ ስለነበረ፣ የ17 ዓመቱ ልጅ በአንድ ሰፈር፣ ሊደርስበት የሚመኘው ዋናው ቡድን በሌላ ሰፈር ነበር የሚለማመዱት። ሜልውድ ደግሞ በአራቱም በኩል በመኖሪያ ቤት የተከበበ በመሆኑ ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ የሚበቃ ቦታ አልነበረውም። ዛሬ ታዳጊው አሰልጣኙ ከፈለገው ሻንጣ ሳይሸክም፣ መኪና ሳይጠብቅ በእግሩ ተሻግሮ ከዋናው ቡድን ጋር ይለማመዳል። ይህን ማንም አባት ለልጁ የሚመኘው ስለሆነ ክለቡ መውጣቱን ስህተት ነው ለማለት አልደፍርም።

ሆኖም በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ አንድም ኳስ ሲመታ አልሰማሁም። የሚታየው አጥር፣ ዛፍና የሕንፃው ጣሪያ ነው። ጥቁር መስታወት ያላቸው መኪኖች ሲገቡና ሲወጡ፣ ቀይ ማሊያ በእጁ የያዘ የስምንት ዓመት ያህል ልጅ በእያንዳንዱ መኪና ፊት ማሊያውን ከፍ ያደርግ ነበር። እናቱ ከሁለት ሰዓት መንገድ እንደመጡ ነገረችኝ። ጠባቂው ጨዋ ሰው ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ከጥላው ሥር አስጠለላቸው። እኔ እስከነበርኩበት ሰዓት ግን አንድም መኪና አልቆመም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ በአውቶቡስ ወደ ዌስት ደርቢ፣ ወደ ሜልውድ ሄድኩ። ቦታው መጀመሪያ የሴንት ፍራንሲስ ዛቪየር ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። ስሙም ልጆቹን ያስተምሩ ከነበሩት ከአባ ሜሊንግና ከአባ ውድሎክ ስም ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ቢል ሻንክሊ በታኅሣሥ 1959 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ያገኘው አረም የወረረው ሜዳና አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ተጫዋቾቹ አንፊልድ ልብሳቸውን ቀይረው በአውቶቡስ ወደ ሜልውድ ይመጣሉ፤ ተለማምደው እንደገና በአውቶቡስ አንፊልድ ተመልሰው፣ ሰውነታቸው ከበረደ በኋላ ይታጠባሉ። ይህ ሁሉ የሆነው በሰው ደጃፍ ነው።

ዴይስብሩክ ሌይን ላይ ስደርስ የኮንክሪት ግንቡን ከመኖሪያ ቤቶቹ የሚለየው አንድ መንገድ ብቻ መሆኑን አየሁ። እጄን ግንቡ ላይ ጭኜ ስቆም ከበስተኋላዬ «ልጄ፣ የጠፋህ ነገር አለ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአጥር አትክልታቸውን የሚከረክሙ አዛውንት ናቸው። ከአዲስ አበባ እንደመጣሁ ስነግራቸው መቀሱን አስቀምጠው፣ ቤታቸው ጥግ ያለውን ባለጎማ የቆሻሻ ገንዳ እየገፉ አመጡት። የሊቨርፑል ገንዳ ሐምራዊ ነው፤ ቀለሙ ከቀዩ ሊቨርፑልም ከሰማያዊው ኤቨርተንም እንዳይወግን ታስቦ ተመረጠ ይላሉ የከተማው ሰዎች። ደጋፊዎች በዚህ ገንዳ ላይ እየቆሙ ልምምድ ሲመለከቱ የተነሱትን ፎቶግራፍ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አዛውንቱ ክዳኑን በመዳፋቸው ጠርገው «መሐሉን አትርገጥ፣ ይሰረጉዳል፤ እግርህን ወደ ዳር አድርግ» አሉኝና ክንዴን ይዘው ደገፉኝ።

ከግንቡ በላይ ብቅ ስል መጀመሪያ የደረሰኝ ድምፁ ነው፤ የኳስ ድምፅ፣ ደረቅና ተከታታይ። ከዚያ ሴቶቹን አየኋቸው። ሜልውድ ለቤቶች ልማት ተሽጦ፣ በላዩ ላይ የመኖሪያ ቤት ሊሠራበት ታቅዶ ነበር። ክለቡ በ2023 መልሶ ገዛውና፣ ከመርሲ ወንዝ ማዶ በሌላ ክለብ ማዕከል ይለማመድ የነበረውን የሴቶች ቡድኑን አስገባበት። አሥር ያህል ተጫዋቾች ክብ ሠርተው፣ ሁለቱን መሐል አድርገው በአንድ ንክኪ ይቀባበላሉ፤ ኳሱን የቀማችው ስትወጣ የተቀማችው ትገባለች። አንዷ ስትስት ሁሉም በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ፤ የሚያባርረኝም አልመጣ።

ስወርድ አዛውንቱ ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ። ለካ የሊቨርፑል ደጋፊ አይደሉም፤ ኤቨርተን ናቸው። የእሳቸውም ክለብ በዚሁ በዌስት ደርቢ፣ ቤልፊልድ በሚባል ሜዳ ይለማመድ ነበር። የሻንክሊ መኖሪያ ቤት የነበረው ከዚያ ሜዳ አጠገብ ስለሆነ፣ ሻንክሊ በ1974 ሥራውን ከተወ በኋላ ሜልውድ መመላለሱ በክለቡ ዘንድ ሳይወደድለት ሲቀር በደስታ የተቀበሉት ተቀናቃኞቹ እንደነበሩ በኩራት አወጉኝ። ኤቨርተንም በ2007 ወደ ሄልውድ፣ ፊንች ፋርም ወጣ፤ በቤልፊልድ ላይ ቤት ተሠራበት። የሁለቱም ክለቦች ዋና የወንዶች ቡድኖች ዛሬ የሚለማመዱት ከሊቨርፑል ከተማ አስተዳደር ውጭ፣ ኖውስሊ በሚባለው አጎራባች ወረዳ ነው።

«ይህኛው ሲሄድ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር» አሉኝ፤ «መንገዳችን በመኪና አይዘጋም፣ አትክልቴንም የሚረግጥ አይኖርም ብዬ። ሦስት ዓመት ግን ጭር አለ። ባለቤቴ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ እዚያ መስኮት ሥር ተኝታ፣ ኳሱ ለምን አይሰማም ትለኝ ነበር።» የሊቨርፑል ተከላካይ የነበረው ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ሪያል ማድሪድ ከመግባቱ በፊት፣ እዚህ አቅራቢያ ያደገ ልጅ ሳለ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በዚህ ግንብ ክፍተት ተጫዋቾቹን ይመለከት እንደነበር መናገሩን አስታወስኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ በዚያ ክፍተት ያላየ የሰፈር ልጅ ካለ ስሙን ንገረኝ አሉኝ።

ለእህቴ ካመጣሁት የተፈጨ ቡና በቦርሳዬ የቀረኝን ግማሽ ኪሎ ሰጠኋቸው። ከረጢቱን ከፍተው አሽትተው፣ እንዴት እንደሚፈላ በወረቀት ጽፌ እንድተውላቸው ጠየቁኝ፤ ጀበና ስለሌላቸው በድስት የሚፈላበትን ጻፍኩላቸው። በር ድረስ ሲሸኙኝ «እናንተ ጋ ሯጮቹን ማየት ይቻላል?» አሉኝ።

«ልጅ ሳለሁ ከሰፈሬ ሳልወጣ አያቸው ነበር። አሁን ሰንዳፋ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል» አልኳቸው።

«ስንት ያስኬዳል?»

«በመኪና፣ መንገዱ ካልተዘጋ፣ አንድ ሰዓት።»

ትንሽ አሰቡና ሐምራዊውን ገንዳ እየገፉ ወደ ቦታው መለሱት።