«አባታችን ሆይ» እያልኩ መሮጥ

ዛሬ ጠዋት ከጎንደር ፒያሳ ተነስቼ ቁስቋም ደርሼ ተመለስኩ። አንዴም ሳልራመድ። ስልኬ 55 ደቂቃ ይላል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አልናገርም፤ የሚሮጥ ሰው ካነበበው ይስቅብኛል።

የጀመርኩት ከአምስት ወር በፊት ነው። 41 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ስቀመጥ እውላለሁ። አንድ ቀን ደረጃ ወጥቼ ልቤ ድው ድው ሲል ደነገጥኩ። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ በሚወስደው ቁልቁለት ለቀቅኩት። ቁልቁለት ላይ ማን ሯጭ ያልሆነ አለ! መዋኛው አጥር ስደርስ ጎኔን ውጋት ያዘኝ። ግንቡን እዚያ የዛፍ ሥሮች አቅፈውታል፤ እኔም አብሬያቸው አቀፍኩት። አንዲት መቋሚያ የያዙ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምን አሳዶሽ ነው?»

መልስ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረኝም። መመለሻው ዳገት ነው፤ በባጃጅ ገባሁ። ነጂው በስፖኪዮ እያየኝ «ውሻ ነው?» አለኝ።

ሁለት ሳምንት በየቀኑ እንዲሁ አደረግኩ። የኃይሌና የደራርቱ አገር ሰው ሆኖ ማዝገም ያሳፍራላ። ከዚያ ቅልጥሜን ከፊት ለፊቱ ያመኝ ጀመር፤ ሌሊት ሁሉ ይጠዘጥዘኛል። ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፤ አጥንትና ጅማት ግን ይዘገያሉ። ይህን ያወቅኩት ካነከስኩ በኋላ ነው። አሥራ አምስት ቀን አረፍኩ።

የጎረቤቴ ልጅ አትሌቲክስ ይሠለጥናል። ሳነክስ አይቶ ሳቀብኝና «እትዬ፣ ቀንሺ» አለኝ።

«ከዚህ በላይ ከቀነስኩማ ቆምኩ!»

«ቁሚያ! ሁለት ደቂቃ ሩጪ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመጂ። እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።»

በዚያ ሰዓት ከማን ጋር ላውራ? ስለዚህ አባታችን ሆይ ማለት ጀመርኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። «በሰማያት የምትኖር» ላይ ትንፋሼ ከተቆረጠ እቀንሳለሁ። «የዕለት እንጀራችንን» ድረስ ሳልቆራርጥ ከደረስኩ ልክ ነኝ። በመጀመሪያው ሰሞን እንዲህ ስሮጥ ቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎች በእግራቸው ያልፉኝ ነበር። እውነቴን ነው። ከቅልጥሜ ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።

አባቴ የምሩፅ ይፍጠርን ታሪክ መናገር አይሰለቸውም ነበር። ሐምሌ 1972 ዓ.ም.፣ ሞስኮ፣ አምስት ሺህና አሥር ሺህ፣ ሁለት ወርቅ። «ማርሽ ቀያሪው!» ይሉና ጉልበታቸውን ይመታሉ። እኔ ከዚያ ታሪክ የያዝኩት ማርሹን ብቻ ነበር። አሥር ሺህ ሜትር እኮ 25 ዙር ነው። ሰውዬው ከነዚያ አብዛኛውን ከሌሎቹ ጋር ተደብቆ ሮጦ፣ መጨረሻው ላይ ነው ማርሽ የቀየረው። እኔ ደግሞ ከበሬ ስወጣ በአራተኛ ማርሽ ነበር የምነሳው። ያውም ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ፣ አየሩ በሳሳበት።

ቀስ ብዬ ስሮጥ ምን እየሆነ እንደነበር የጎረቤቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋት ትለምዳለች፤ ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ይህ ደግሞ ወራት እንጂ ቀናት አይበቁትም። የሩጫውን ደቂቃ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 20 ደቂቃ ሳልራመድ ሮጥኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ፍጥነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሰፈራችን ያለችውን አጭር ዳገት 20 ሰከንድ ያህል ሽቅብ እሮጣለሁ፤ ተራምጄ እወርዳለሁ፤ ስድስት ጊዜ። ሌላው ቀን ሁሉ አባታችን ሆይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም አልሮጥም። ጠዋት ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ ስፌት ላይ መዋል አንዴ ሞክሬው የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ።

ዛሬ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቁስቋም ያለበት ዳገት ላይ ስደርስ እግሬ ከበደኝ። ቀነስኩ። ውርደት አልመሰለኝም። ስመለስ ቁልቁል ላይ እኚያ እማማ ሽቅብ ሲመጡ አገኘኋቸው፤ አወቁኝ።

«ዛሬም አሳዶሽ ነው?»

«የለም እማማ፣ ማንም አላሳደደኝም፣ ለጤናዬ ብዬ ነው፤ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው፣ ሳልቆም፣ በአንድ ትንፋሽ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»